በነጭ ላይ የቆሙ ሁለት ነገሥታት

ዋና ዳኛውን ያገኘችው ረዳቱ ናት። ለመጨረሻው ዙር ሰዓቶቹን ልታወጣ የኋለኛውን ክፍል ከፈተችና ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው በመስኮቱ ሥር በጎኑ ወድቋል። ከጆሮው በላይ የወጣው ደም ኮሌታውን አርሶታል። ይተነፍሳል፤ ሲጠሩት ግን አይሰማም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ከየቦታው የመጡ ተማሪዎችና ትልልቅ ሰዎች፣ ጀማሪውም የለመደውም፣ በየምድባቸው ቼዝ የሚወዳደሩበት ነው። ማንም አይጮኽም። ሁሉም በየጠረጴዛው ተቀምጦ ያልተጀመረ ሰሌዳ ያያል።

ኢንስፔክተሩ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ወደ ኋለኛው ክፍል ሄዶ ደጁ ላይ ቆመ። መጀመሪያ አየ።

ጠባብ ክፍል ነው። በአንድ ወገን የብረት መደርደሪያ አለ፤ በላዩ የቼዝ ሰዓቶችና የታጠፉ ሰሌዳዎች። መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለ። ወለሉ ላይ አዲስ ጭረት ይታያል፤ ጠረጴዛው ከመሐል ተጎትቶ ወደ መስኮቱ የተጠጋ ነው። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ተገልብጧል። የመደርደሪያው ማዕዘን ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል።

«በዕቃ አልተመታም» አለ ሳጅኑ። «ገፍተውት ነው። ጭንቅላቱ ብረቱን አገኘ።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰሌዳ እያየ ነው። የተበሉት ጠጠሮች በየጎኑ ተቀምጠዋል። የቀሩት ጥቂቶቹ በየዳሩ ቆመዋል። በትክክል መሐል ላይ ደግሞ ነጩ ንጉሥና ጥቁሩ ንጉሥ ማዕዘን ለማዕዘን ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሁለቱም በነጭ ካሬ ላይ።

«ቼዝ ትችላለህ?»

«ዳማ ነው የምችለው አለቃ። እሱንም በቆርኪ።»

ኢንስፔክተሩ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳው።

«ለማንኛውም ሰውየውን ይዘነዋል» አለ ሳጅኑ።

«የቱን ሰውዬ?»

«በያጁን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አንዲት ተማሪ እየተጫወተች ሳለ ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስልኩ የጮኸበት ይሸነፋል፤ ደንቡ አጭር ነው። ዋና ዳኛው ሰዓቷን አቆመና ተሸንፈሻል አላት። የደወለው አባቷ ነበር፤ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ብሎ። ሲነግሩት አባትየው የብየዳ ልብሱን እንደለበሰ አዳራሹን ጥሶ ገባና በሰው ሁሉ ፊት «ሽማግሌ ነህ ብዬ ነው እንጂ እጄ ላይ ነበርክ» አለው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይመጣ ወደ ግቢው ገብቶ በችኮላ ሲወጣ ጥበቃው አይቶታል።

«ሌላ ምን ያስፈልጋል?» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሩ «እንጃ» አለና ወደ ጣቢያው ሄደ።

በያጁ ቀበቶውንና የጫማውን ክር ተቀብለውት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል።

«ጠዋት ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ጠየቅህ?»

«በሩን አንኳኳሁ። ዝም አለኝ። አኩርፎኛል ብዬ ተመለስኩ።» ቀና አለ። «ለካ ያን ጊዜ ወድቆ ነበር?»

«ይሆናል። ለምን እየተቻኮልክ ወጣህ?»

«ልጄ እንዳታየኝ። አባዬ አንተ ስትመጣ ማሰብ አልችልም፣ ውድድሩ እስኪያልቅ እንዳትመጣ ብላኛለች።»

ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲል በያጁ ጠራው።

«ጌታዬ፣ ትጫወታለች አይደል? የትናንቱ ቢወሰድባትም ዛሬ ካሸነፈች ለአገር አቀፉ የምታልፈው እሷ ናት። ከዚህ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድም፤ ለተማሪዎቹ ምድብ የመጨረሻዋ ነው። እኔን ተዉኝ። ብቻ ትጫወት።»

«አስታውቃቸዋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ረዳት ዳኛዋ መተላለፊያው ላይ ጠበቀችው። የሒሳብ መምህርት ናት፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«ሰዎቹን ላሰናብታቸው?»

«ይጫወቱ እንጂ። ከተበተኑ በየቤታቸው ልፈልጋቸው ነው።»

«ልጅቷ ግን…» አለችና ወደ አዳራሹ በመስታወቱ አሳየችው።

ልጅቷ በተማሪዎቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጮቹ የእሷ ናቸው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች።

ኢንስፔክተሩ ገብቶ አጠገቧ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ አባትሽ ተጫወች ብሏል።»

«እሱ እዚህ ቆሞ ይበለኝ።»

«እዚህ አይደለም።»

«እንግዲያው አንድ ወታደር አልነካም።»

«ሰዓቷን ማስነሳት ግዴታዬ ነው» አለች ረዳቷ ቀስ ብላ። «ጠጠር ካላንቀሳቀሰች ሰዓቷ ያልቃል፤ ሰዓቷ ሲያልቅ ትሸነፋለች።»

«አስነሺው» አለች ልጅቷ።

ዙሩ ተጀመረ። በየጠረጴዛው እጅ ተጨባበጡ፣ ሰዓቶቹ ተመቱ። በልጅቷ ጠረጴዛ ላይ የሚሄደው ሰዓት ብቻ ነው። ፊቷ የተቀመጠው ልጅ መጀመሪያ ሰሌዳውን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ፣ በመጨረሻ ጣራውን ማየት ጀመረ።

ኢንስፔክተሩ ወደ ጥበቃው ወጣ።

«ከበያጁ ሌላ ማን ገባ?»

«በኔ በር ማንም። ጓሮ ያለው በር ግን ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል። እሱን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው።»

«ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ለምን ወደ መስኮት ተጠጋ?»

«መብራት ስላልነበረ ይሆናላ። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። የመጣው ልጆቹ መግባት ሲጀምሩ ነው።»

ሳጅኑ እስከዚያው ትልልቆቹን ሰዎች ጠዋት የት እንደነበሩ ጠይቆ ጨርሷል። አብዛኞቹ አንድ ላይ ነው ያደሩት፣ አንድ ላይ ነው የመጡት። ከጀማሪዎቹ አንዷ ነርስ ናት፤ ከአዳር ሥራ በቀጥታ መምጣቷን ባልደረቦቿ መስክረዋል። ለብቻቸው የነበሩት ሁለት ናቸው፤ የተማሪዎቹ አሰልጣኝና ከጀማሪዎቹ ምድብ አንድ የመሬት ቀያሽ።

«አሰልጣኙን ያዙልኝ» አለ ሳጅኑ። «ትናንት ለተማሪዎቹ በሳል ምልክት ይሰጣል ተብሎ ሽማግሌው ከአዳራሽ አስወጥቶታል። የዚያ ክፍል ቁልፍም አለው።»

አሰልጣኙ መተላለፊያው ላይ እየተንጎራደደ ነበር። አጭር፣ ወሬኛ ሰው ነው።

«በእውነት ጉንፋን ይዞኝ ነው የሳልኩት» አለ ሳይጠየቅ።

«ማታ መጨረሻ ከክፍሉ የወጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ልጆቼ የተሸነፉበትን ጨዋታ ሳሳያቸው ቆየን። ከዚያ ጠጠሩን በየቦታው ደርድሬ ወጣሁ። ካልደረደሩ ሽማግሌው በማግስቱ ፊት ይነሳል። ጨዋታ ሲያልቅ ሠላሳ ሁለቱም ቤታቸው ይግቡ፣ ይላል። እሱ ራሱ ሳይደረድር ተነሥቶ አያውቅም።»

«ጠዋትስ?»

«ፀጉር ቤት። ይኸው ገና አንገቴ ውስጥ ይበላኛል።» ዞሮ አሳየው። የግራው ከቀኙ ይረዝማል። «መብራት የለም ብሎ በመቀስ ከረከመኝ። ከዚህ የባሰ ማስረጃ ከየት ላምጣ?»

ኢንስፔክተሩ በአፍንጫው ሳቅ አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየው። አሰልጣኙ አንገቱን ነቀነቀ።

«ይሄ አይሆንም። ንጉሥ ንጉሥ አጠገብ አይቆምም። ማንም ቢጫወት እዚህ አይደርስም። ልጅ ነካክቶት ይሆናል።»

ፀጉር አስተካካዩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሳጅኑ ደርሶ ተመለሰና አሰልጣኙ እውነቱን ነው አለ። «የራሱን ሥራ ሲያየው ደግሞ አፍሯል።»

ቀያሹን ያገኙት አዳራሹ ውስጥ፣ ተራው የተጋጣሚው ሆኖ እግሩን ሊያፍታታ ሲነሣ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ በእጁ ምን እንደሚያደርግበት የማያውቅ ሰው ነው። ለመንገድ ሥራ ከሩቅ የመጣ፣ እዚህ ዘመድ የሌለው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማዶ ካፌው። ትኩስ ሻይ ጠጥቼ ቀጥታ መጣሁ።»

«ከዋና ዳኛው ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«ሲመዘግበኝ አይቼዋለሁ። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ምን ያገናኘኛል?» ወደ ሰሌዳው አየት አደረገ። «ይቅርታ፣ ተራዬ ደርሷል።»

ከሐኪም ቤት ተደወለ። ሽማግሌው ይተርፋል፤ ዛሬ ግን አይናገርም አሉ።

ልጅቷ እንደተቀመጠች ናት። ከሰዓቷ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ተጋጣሚዋ ወደ ረዳት ዳኛዋ ሄዶ የሆነ ነገር በጆሮዋ ሹክ አላት።

«ምን ይላል?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«የኔን ሰዓት ልታስነሺልኝ አትችይም ወይ፣ አፈርኩ አለኝ። አይቻልም አልኩት።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መተላለፊያው ወስዶ ፎቶውን ሰጣት። መነጽሯን አደረገች። ብዙ አየች።

«ይሄ እኮ ምልክት ነው» አለች። «በቪዲዮ ነው ያየሁት። በታላላቅ ውድድሮች ሰሌዳው ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ሁለቱን ነገሥታት መሐል ያቆሟቸዋል። በጨዋታ ሊሆን ስለማይችል ኮምፒውተሩ ማለቁን ያውቃል። ሁለቱም በነጭ ካሬ ከሆኑ ነጭ አሸነፈ፤ በጥቁር ከሆኑ ጥቁር። አንድ አንድ ከሆኑ እኩል ናቸው።»

«እዚህ እንደዚያ ያለ ሰሌዳ አላችሁ?»

«ከየት አምጥተን? የኛ ፈረሶች ግማሾቹ አንገታቸው በማስቲካ የተጣበቀ ነው።»

«ሽማግሌው ያደርገዋል?»

«እሱ ይደረድራል።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ተቀብሏት ኪሱ ከተተ። ከዚያ «ትናንት የነገረዎት ነገር አለ?» አላት።

«ስለ ልጅቱ አዝኗል። ደንብ ስለሆነ እንጂ አንጀቴ አልቻለም አለኝ። ሌላ…» አሰበች። «ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጀማሪዎቹ ጋር ሆን ብሎ የሚሳሳት አንድ ሰው አለ አለ። የጀማሪ ስህተት ሳያስበው ይመጣበታል፤ የዚህኛው ግን መርጦ ነው የሚሳሳተው፣ ነገ አንዴ አብሬው ልቀመጥና ልየው አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«ምድቡን ለየልኝ። ይበቃል።»

የጀማሪዎቹ ጨዋታ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀምሯል። ኢንስፔክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰሌዳ አያይም፤ አያውቀውምና። እጅ ነው የሚያየው።

ነርሷ አሸነፈች። መጀመሪያ ፈረሶቿን አነሣች፣ ከዚያ የቀሩትን። አንድ ሌላ አዛውንት ተሸንፎ ወታደሮቹን አንድ በአንድ እየደረደረ ይነጫነጫል። ሁለት ተማሪዎች ጠጠሩን ሁሉ በክንዳቸው ወደ መሐል ጠርገው እየተሻሙ ደረደሩ። ሌላው ከግንቦቹ ጀመረ። ሌላዋ ያስበላቻት ንግሥት ላይ አኩርፋ እሷን መጨረሻ አስቀመጠቻት።

ቀያሹም ጨረሰ። አሸንፏል፤ ብዙ ለፍቶ ያሸነፈ ይመስላል። ተጋጣሚው እጅ ሰጠው፤ ጨበጠው። ያኔ ሁለት እጆቹ አንድ ላይ ተነሡ። ቀኙ አንዱን ንጉሥ፣ ግራው ሌላውን ያዘ። ወደ መሐል ሄዱ። እዚያ፣ ከሰሌዳው ጥቂት ከፍ ብለው ቆሙ።

ቀያሹ የራሱን እጆች አየ።

ሁለቱን ነገሥታት ከሰሌዳው ውጭ አስቀመጠና ወታደሮቹን መደርደር ጀመረ። ቀና ሲል ኢንስፔክተሩ ያየዋል። አንዱ ወታደር ከእጁ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። አላነሣውም።

መተላለፊያው ላይ፣ አዳራሹ በሚታይበት መስታወት አጠገብ ቆሙ። ሳጅኑ ከካፌው ተመልሷል።

«ባለቤቲቱን ጠየቅኋት» አለ። «ምድጃዋ በመብራት ነው። ጠዋት ውኃ እንኳ አላፈላሁም አለች።»

«ሻይህ ትኩስ ነበር አላልክም?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ቀዝቃዛም ቢሆን ምን ለውጥ አለው» አለ ቀያሹ። ድምፁ አልተሰማም ማለት ይቻላል። «ሻይ ጠጣሁ ብዬ ብዋሽ ሰው ገደልክ አይሉኝም።»

«አልሞተም።»

ቀያሹ ዐይኑን ጨፈነ። ከፈተ። 

ኢንስፔክተሩ በእጁ ያለውን ያውቃል። አንድ የውሸት ሻይና አየር ላይ የቆሙ ሁለት እጆች። በዚህ አዛዡ በያጁን አይለቅለትም። ሽማግሌው እስኪናገር ደግሞ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አልገፋውም። በመስታወቱ ወደ ውስጥ ጠቆመው።

«ያቺን ልጅ አየሃት?»

ቀያሹ አየ። እየተጫወተ ስለነበር እስካሁን አላያትም። ሰሌዳው እንዳለ ነው፤ አንድም ጠጠር ከቦታው አልተነሣም። ሰዓቱ ግን ይሄዳል።

«ምን ሆና ነው?»

«አባቷን አስረንባታል። እሱ ካልመጣ አልነካም አለች። ዛሬ ካሸነፈች ለአገር አቀፉ ታልፋለች። ካላሸነፈች ዕድሜዋ ያልፋል።»

«ሰዓቱ ነጭ ላይ ነው የሚሄደው» አለ ቀያሹ።

«አላውቅም። የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ትንሽ ነው የቀራት። አንድ ሰው ያንቀሳቅስላት…» ቃሉን ዋጠ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ኢንስፔክተሩ ጠበቀ። ሳጅኑ ሊናገር ሲል በዐይኑ ከለከለው።

«አባትየው አንኳኩቶ ነበር» አለ ቀያሹ በመጨረሻ። «እኔ ውስጥ ነበርኩ። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ሲሄድ በጓሮ ወጣሁ። እሱ እጁን እንኳ አላስገባም። ደውሉና ልቀቁት።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኑን አየው። ሳጅኑ ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ታግጃለሁ» አለ ቀያሹ። ዐይኑን ከመስታወቱ አላነሣም። «በሌላ አገር፣ ትልቅ ውድድር ላይ። መጸዳጃ ቤት ስልክ ይዤ ገብቼ ተያዝኩ። ተፈርዶብኛል፤ ጥፋቴ ነው። ግን ጠጠር ሳልነካ መኖር አልቻልኩም። ኮምፒውተር ላይ መጫወት ሌላ ነው፤ ሰው ፊትህ ተቀምጦ ሲያስብ ማየት ሌላ ነው። እዚህ ለሥራ ስመጣ የሚያውቀኝ አልነበረም። ጀማሪዎቹ ጋር ብቀመጥ ማንን እጎዳለሁ አልኩ።»

«ሽማግሌው ነቃብህ።»

«ጠዋት ና አንዴ እንጫወት አለኝ። ለምን እንደጠራኝ ገብቶኛል። ነጮቹን ለእሱ ሰጠሁና ተሸነፍኩለት። እንደ ጀማሪ ተሳሳትኩለት፤ አንጀት በሚያርስ አሸናነፍ አሸነፈኝ። አመነኝ። እንዲያውም አዘነልኝ፤ ፈረስህን ቶሎ አውጣ እያለ መከረኝ። እጄን ጨበጠኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ አለፈልኝ ብዬ።» ቆም አለ። «ያኔ እጄ ሄዶ ነገሥታቱን መሐል አቆማቸው። ልማድ ነው። አላዘዝኩትም።»

«እሱም ያውቀው ኖሯል።»

«አየውና ፈገግታው ጠፋ። ይሄን የት ለመድከው አለኝ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘ። ስሜን ካወጣ ዕድሜ ልኬን ያግዱኛል ብዬ ገፋሁት። ብረቱን አላየሁትም።»

«ሰው እየደማ ትተህ ወጣህ። መጥተህም ተቀምጠህ ተጫወትክ።»

«አዎ» አለ ቀያሹ። «ተጫወትኩ።»

ሳጅኑ እጁን አሰረው።

በያጁ በፖሊስ መኪና ሲደርስ ቀበቶውን ገና በእጁ ይዟል። ሳጅኑ በሩን ከፈተለት። አዳራሹ ውስጥ መናገር እንደማይፈቀድ ማንም ሳይነግረው አፉን በመዳፉ ይዞ ግድግዳው ሥር ቆመ። ልጅቷ አንዴ አየችው። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ የተጣመሩት እጆቿ ተፈቱ፤ አንድ ወታደር ገፋችና ሰዓቱን መታች።

ተጋጣሚዋ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እንሂድ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እስኪያልቅ ልቁም?» አለ ቀያሹ። «ረጅም አይሆንም። ጊዜ የላትም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ደረጃው አየ። ግን አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ እንደተጫወተች ወዲያው ትመታለች። ልጁ ያስባል፣ እሷ አታስብም። በልጁ ሰዓት ነው የምታስበው። ሰዎች ከየጠረጴዛቸው እየተነሡ ከበቧቸው፤ ረዳት ዳኛዋ በእጇ ወደ ኋላ አራቀቻቸው። አሰልጣኙ አፉን በመሐረብ ይዟል፤ ሳል መጥቶበት ነው። በያጁ ሰሌዳው አይታየውም፤ የልጅቷን ትከሻ ነው የሚያየው።

ከዚያ በድንገት ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ተራው የእሷ ነው። ሰዓቷ እየሄደ ነው። አትነካም።

«ምን ሆነች?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማን ነው የሚያሸንፈው?»

«ዝም ይበሉ» አለ ቀያሹ። «እያሰበች ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ሳጅኑም ተጠጋ።

ልጅቷ ግንቧን አንሥታ ሩቅ ወስዳ አስቀመጠች፣ ሰዓቱን መታች። ቀያሹ ያዘው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ። መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ። በታሰረው እጁ ጠረገው።

ልጁ ረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየ። ሰዓት ሞልቶታል፤ አልተጠቀመበትም። ቀና አለና እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«አሁንስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እጁን ቀድሞ የዘረጋው ማን ነው?»

«ልጁ።»

«እጅ የሚሰጠው የተሸነፈው ነው» አለ ቀያሹ። ከመስታወቱ ተመለሰና ወደ ደረጃው ራሱ ቀድሞ ሄደ።